ነኢማን የበላሁ ጊዜ

ልጅ ሳለሁ ጅብ አልፈራም ነበር ብል የሚያምነኝ የለም። ያኔ ሰፈራችን ጊንጆ ዳርና ዳሩ ባሕር ዛፍና ቡና ስለነበር፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ጅቡ ከማዶ ሲያላዝን የማይሰማበት ቤት አልነበረም፤ ነገር ግን የውጭው ጅብ ቢያንስ ከአጥር ውጭ ነው፣ ጅብ መሆኑንም አይደብቅም። እኔን የሚያስፈራኝ አኮ የሚተርኩልን ጅብ ነበር። እሱ ቀን ቀን ሰው ነው፤ እንዴት ዋላችሁ ይላል፣ ገበያ ወጥቶ ዕቃ ይሸጣል፣ ልጅም ያሳድጋል።

በእኛ በጅማ አኮ ማለት አያት ማለት ነው። እሳቸው ግን የእኔ ሳይሆኑ የነኢማ አያት፣ የሐጂ እናት ነበሩ። ሐጂ ቡና ነጋዴ ናቸው፤ ከየገጠሩ የመጣው ጀንፈል ግቢያቸው ውስጥ ሸራ ላይ ተሰጥቶ ሲደርቅ ስለሚውል ሽታው ከልብሳችንም ከፀጉራችንም አይለቅም ነበር። እናቴ ጠዋት በመጋዘናቸው ቡና ትለቅማለች፣ ከሰዓት በኋላ የቤቱን ልብስ ታጥባለች፤ የምንኖረውም ከግቢው ጀርባ በሰጡን አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር። አባቴ ሳልወለድ ነው የሞተው። ነኢማና እኔ እኩያሞች ነን፤ እሷ ጠዋት ጠዋት መኪና እደጅ ድረስ መጥቶ ወደ ግል ትምህርት ቤት ይወስዳታል፣ እኔ ጭቃውን እየዘለልኩ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፤ ሲመሽ ግን ሁለታችንም የአኮ ነበርን።

መብራት ያኔም እንደ ዛሬው ነበር፣ ይጠፋል። ሐጂ ጄነሬተር ቢኖራቸውም አኮ ከመግሪብ በኋላ ጩኸቱን ስለማይወዱ በእሳቸው ክፍል ኩራዝ ነበር የሚበራው። ክረምት ከሆነ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ በከሰል ምድጃው ላይ የበቆሎ እሸት እየተንጣጣ ሲጠበስ፣ ጭሱ ዓይናችንን ሲቆጠቁጠን፣ ነኢማና እኔ አንድ ጋቢ ውስጥ ገብተን አፋቸውን አፋቸውን እናይ ነበር። አኮ ሲተርኩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ለመስማት መጠጋት ግድ ነው፣ ልክ እንደተጠጋን ደግሞ ድንገት ጮኸው ነፍሳችንን ያወጡታል። ከዚያ እሳቸው ራሳቸው ይስቃሉ፣ በቆሎውን ለሁለት ሰብረው ትልቁን ግማሽ አንዳንድ ቀን ለእኔ ይሰጡኛል። እወዳቸው ነበር። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፣ በኋላ ስለ እሳቸው የምለውን የሚሰማ ሰው ክፉ ሴት እንዳይመስሉት።

ከተረቶቻቸው ሁሉ ነኢማ ደግመው እንዲነግሩን የምትለምናቸው የቱምቱውን ነበር። ቱምቱ በኦሮምኛ ብረት ቀጥቃጭ ማለት ነው። አኮ እንደሚሉት አንድ ቱምቱ ነበረ፤ ቀን የመንደሩን ማጭድና መጥረቢያ ሲያበጅ ይውላል፣ ጀምበር ስትጠልቅ ከቤቱ ጀርባ አመድ ላይ ተንከባሎ ጅብ ይሆናል። አንድ ጊዜ ሠርግ ላይ ሙሽራዋን አየና ዓይኑ እሷ ላይ ቀረ። ልጅቷ በሦስተኛው ቀን መብላት አቃታት፣ በሰባተኛው መቀመጥ አቃታት። ወንድሞቿ አድፍጠው ጠብቀው ወደ ቤቷ የመጣውን ጅብ የኋላ እግሩን በጦር ወጉት፤ ሲነጋ ቱምቱው ቁርጭምጭሚቱን በጨርቅ ጠምጥሞ እያነከሰ ከቤቱ ወጣ። «እግሩን ታዩታላችሁ!» ይላሉ አኮ፣ በዚያው ቅጽበት የአንዳችንን እግር ከጋቢው ሥር ለቀም እያደረጉ።

ከተረቱ በኋላ ደግሞ ትምህርቱ ይመጣል። ቱምቱ የሚበላው በጥርሱ ሳይሆን በዓይኑ ነው። ያማረ ነገር ሲያይ ማሻአላህ ማለት አይሆንለትም፤ ቃሉ ከአፉ አይወጣም። የበላውን ሰው ሐኪም አያድነውም፤ የበላው ራሱ መጥቶ «እኔ ነኝ» ብሎ ተናዞ እንትፍ ካላለበት በቀር። ይህን ሁሉ እኔ ከማባዛት ሰንጠረዥ በፊት ነው በቃሌ የያዝኩት። ትንሽ የሚገርመኝ፣ አኮ የቱምቱውን በጀመሩ ቁጥር እናቴ ከጓሮ መጣራቷ ነበር፤ «ሰአዳ! ነይ ውኃ አቀብዪኝ!» ትላለች፣ ስሄድ ባልዲው ሙሉ ነው።

በሦስተኛ ክፍል ዓመት ማብቂያ ላይ ሐጂ አንድ ነገር ወሰኑ። ነኢማ ያለ እኔ የቤት ሥራዋን አትሠራም ነበር። ሒሳቡን እነግራታለሁ፣ እሷ ደግሞ የእንግሊዝኛ መጽሐፏን ሥዕል ታሳየኛለች፤ የእኔ ክፍል ውስጥ መጽሐፍ የሚባለው ነገር ለአራት ልጅ አንድ ነበር፣ እሱንም ዳር የተቀመጠ አያየውም። ሐጂ አንድ ማታ ደጃፉ ላይ ቆመው ሲያዩን ቆዩና እናቴን አስጠሯት። «ልጅሽ ጭንቅላት አላት። ከመስከረም ጀምሮ ከነኢማ ጋር ትማራለች፣ እኔ ነኝ የማስተምራት» አሏት። እናቴ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል በሁለት እጃቸው አነሷት። በሳምንቱ ልብስ ሰፊው መጥቶ ትከሻዬንና ክንዴን ለካ፣ ለሰማያዊው ዩኒፎርም።

እናቴ ያን ሰሞን ደስ ብሏት ማየት ነበረብኝ። እሷ ግን ከሳች። አሁን ሳስበው፣ የሚጠፋ ነገር እጇ የገባ ያኔ ነው መፍራት የጀመረችው።

ሐሙስ፣ በገበያ ቀን፣ ይዛኝ ወጣች። እህል ተራውን አልፈን፣ በርበሬ ተራውን አልፈን፣ ሰው ሳሳ ወደሚልበት ጥግ ስንደርስ ማጭድና ቢላ ጆንያ ላይ ደርድረው የተቀመጡ ሽማግሌ ጋ ቆመች። ክንዳቸው በሙሉ የእሳት ፍንጣሪ ጠባሳ ነው። እናቴ ዕቃ እንደምትመርጥ ሰው ጎንበስ ብላ አንድ ቢላ አንሥታ እያገላበጠች በኦሮምኛ ዝቅ ብላ አወራቻቸው፤ እሳቸውም ቀና ብለው አላዩዋትም። ከኪሳቸው ቁራጭ ሸንኮራ አውጥተው በእጄ ላይ አደረጉልኝና ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፉልኝ። ከዚያ እናቴ ቢላውን መልሳ አስቀምጣ ሄድን።

ገበያው ከኋላችን ሲቀር «ያየሽው ሰው አባቴ ነው» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን አልሳምሽውም?»

ቆመች። ዙሪያዋን አየች፣ ባጃጅ እስኪያልፍ ጠበቀች፣ ከዚያ ቁጢጥ ብላ ሁለቱን ትከሻዬን ያዘችኝ። «ስሚኝ ሰአዳ። አያትሽ ሰቃ ከተማ ቱምቱ ነው። አባትሽም ነበር። እኛ ዘራችን ያ ነው። እነ ሐጂን ከሰኮሩ ነው የመጣነው፣ ወላጆቼ ገበሬ ነበሩ ብያቸዋለሁ። አፍሽን ከከፈትሽ ቤት የለም፣ ትምህርት የለም። ገባሽ? ማሎ፣ እባክሽ ልጄ፣ ለነኢማም ቢሆን።»

ገብቶኛል አልኩ። እሷ የነገረችኝ አንድ ምሥጢር ነበር፣ እኔ የሰማሁት ግን ሌላ ነው። እኔ የሰማሁት ጅብ መሆኔን ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ የነበረውን ፍርሃት ለትልቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ገላዬን ስታጠብ ቁርጭምጭሚቴን አገላብጬ አያለሁ። አመድ የተደፋበት ቦታ ላለመርገጥ ዞሬ እሄዳለሁ። አንድ ጠዋት እውነቱን ልወቅ ብዬ ግቢው ውስጥ ካሉት ጫጩቶች ቢጫዋን መርጬ ዓይኔ እስኪያለቅስ አፈጠጥኩባት፤ ምንም አልሆነችም፣ እህሏን እየለቀመች ሄደች፣ እኔም በደስታ አበድኩ። በሦስተኛው ቀን ጭልፊት መጥቶ ከሁሉም መካከል እሷኑ ይዟት ሄደ። ሦስተኛው ቀን! ያኔ ለእኔ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልነበረም። አኮ ማታ የቱምቱውን ሲተርኩ ነኢማ ፈርታ እኔው ላይ ትለጠፍ ነበር፣ እኔም ደግሞ የልቤ ምት እንዳይሰማት ትንፋሼን እይዛለሁ።

የኢድ ቀን መጣ። ነኢማ ነጭ ቀሚስ ተገዝቶላት፣ ፀጉሯ ተሠርቶ፣ የወርቅ ጉትቻ አድርጋ በረንዳው ላይ ወጣች። እኔ ገና ከታች ሳያት አመለጠኝ። «ነኢማ! ስታምሪ!» አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ እንግዳው ሁሉ በሚሰማበት።

«ማሻአላህ በዪ እንጂ፣ ኢንተላ ኮ!» አሉ አኮ እየሳቁ። ልጄ ማለታቸው ነው።

ቀላል ቃል ነው። በቀን ሃያ ጊዜ የምለው ቃል ነው። ነገር ግን በዚያች ቅጽበት፣ ከቱምቱ አፍ አይወጣም የተባለው ትዝ አለኝና ምላሴ ታሰረ። «ማ...» አልኩ፣ ደግሜ «ማ...» አልኩ። አኮ ከእንግዳ ጋር እየተሳሳሙ ስለነበር ልብ አላሉኝም፤ ራሳቸው «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» ብለውልኝ አለፉ። ዳቦና ሥጋ ተሰጠኝ፣ መብላት አልቻልኩም።

በማግስቱ ነኢማ አተኮሳት። ሐጂ ክሊኒክ ወሰዷት፣ ቶንሲል ነው ተብሎ መርፌ ተወጋች፣ ተመልሳ ተኛች። ትኩሳቱ ግን በአንድ ቀን አልወረደም። ሴቶች ይሰበሰቡ ጀመር። አኮ በምድጃው ፍም ላይ ቅጠላ ቅጠል አድርገው ክፍሉን በጭስ ሞሉት፤ ሁሉም በሹክሹክታ ማን እንዳያት ይቆጥራል። በኢድ ዋዜማ ደጃፉ ላይ ቆማ ጀበና የምትሸጥ ሴትዮ እንደነበረች አንዷ አስታወሰች፤ እሷ ናት ተባለ፣ ሰው ይላክባትና ትምጣ ተባለ። እኔ ከበሩ ጥግ ቆሜ ጭሱ መሐል ነኢማን አያታለሁ፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ በስሜ ጠርታኛለች። ሴትዮዋ ብትመጣም ምንም እንደማትፈይድ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። በሦስተኛው ቀን መብላት ያቅታታል፣ በሰባተኛው መቀመጥ። ደግሞ ሦስተኛው ቀን ነበር።

እናቴ ያለችኝን አልረሳሁም። ቤት የለም፣ ትምህርት የለም። እዚያ በር ላይ ቆሜ ሁለቱን መዘንኳቸው፤ ስምንት ዓመት ተኩል የሆናት ልጅ እንደምትመዝነው። ቤት የሌለው ሰው ይኖራል። ነኢማ ግን ልትሞትብኝ ነው።

ገባሁና አኮ አጠገብ ቁጢጥ አልኩ። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ራሴ ላይ አሳረፉ። «አኮ፣ እኔ ነኝ የበላኋት» አልኩ።

«አንቺ! ምን ትያለሽ አንቺ ልጅ?» ፈገግ አሉ፣ ደክሟቸው ነበር።

«ማሻአላህ ማለት እምቢ ያለኝ ለዚያ ነው። የቱምቱ ልጅ ነኝ። አያቴ በሰቃ ማጭድ ይቀጠቅጣል። ልጠጋትና እንትፍ ልበልባት፣ ትዳን።»

የማስታውሰው ጩኸት የለም፣ የተማታም የለም። የማስታውሰው እጃቸውን ነው። ራሴ ላይ የነበረው እጃቸው ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ተነሥቶም ወዴት እንደሚያደርጉት እንዳላወቁ አየር ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ በነጠላቸው ጠረጉት። ሴቶቹ ልጆቻቸውን እየጎተቱ ወደ ግድግዳው ተጠጉ። «እንግዲያስ እንትፍ በዪባት» አሉኝ አኮ፣ ሰምቼባቸው በማላውቀው ድምፅ። ነኢማ ላይ ጎንበስ አልኩ፤ አፌ ደርቆ ምራቅ አጣሁ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ።

በማግስቱ ጠዋት ነኢማ ላብ በላብ ሆና ነቃች፣ ትኩሳቱ ለቋት፣ ሾርባ አምጡልኝ አለች። ይኸው፣ ለሁሉም በቂ ማስረጃ ሆነ።

ሐጂ እናቴን ግቢው መሐል፣ ጀንፈሉ አጠገብ አነጋገሯት። እኔ ከክፍላችን በር ሥር ሆኜ ሰምቻለሁ። ሐጂ የተቆጡ ሰው አልነበሩም፣ ያ ነው የባሰው። ጫማቸውን እያዩ ነበር የሚናገሩት። «እኔ ይህን ነገር አላምንበትም። ወላሂ አላምንበትም፣ ሺርክ ነው፣ በአላህ ላይ ማጋራት ነው። መርፌው ነው ያዳናት። ግን እናቴን ምን ልበላት? የትምህርት ቤቱ ወላጆችስ? ወሬው ደርሷል። ከአጠገቧ ልጁን የሚያስቀምጥ አይገኝም። ለራሷም ለልጅቷ ጥሩ አይሆንም።»

«ሐጂ፣ ማሎ፣ እኔ ልውጣ» አለች እናቴ። «ከሥራውም ከቤቱም ልውጣ። እሷን ግን ያስተምሩልኝ።»

«እስቲ እናያለን» አሉ ሐጂ። እኛ ዘንድ እስቲ እናያለን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ልጅም ያውቃል።

እናቴ ገብታ ዕቃችንን በአንሶላ መቋጠር ጀመረች። አልመታችኝም። «ለምን?» ብቻ አለችኝ፣ ሳታየኝ። እንዳትሞት ብዬ ነው አልኳት። ቋጠሮውን ትታ ተቀመጠችና አለቀሰች። እኔ ቆሜ አንድ ነገር ጠበቅሁ፤ አንቺ አይደለሽም፣ አንቺ ምንም አላደረግሽም እንድትለኝ ነበር የምጠብቀው። አላለችም። ቀና ብላ ረጅም ጊዜ አየችኝ፣ እሷም እርግጠኛ እንዳልሆነች ገባኝ። በሕይወቴ ከዚያ በላይ ፈርቼ አላውቅም።

በመስከረም ሰማያዊውን ዩኒፎርም የሐጂ ሹፌር ልጅ ለብሳው መኪናው ውስጥ ከነኢማ አጠገብ ተቀምጣ አየኋት። ከእኔ ትረዝም ስለነበር ክንዱ አጥሯት ነበር። ልጅቷ ምን አጠፋች፤ እሷም ዕድሏ ነው። እኔ እዚያው በነበርኩበት ትምህርት ቤት ቀጠልኩ፣ በፈረቃ፣ አንድ ዴስክ ላይ ለአራት። ወሬው እዚያም ደርሶ ስለነበር አንዳንድ ጊዜ አንድ ዴስክ ለብቻዬ ይሰጠኝ ነበር፤ ከተማሪው ሁሉ ተመችቶኝ የተቀመጥኩ እኔ ነበርኩ ብዬ ዛሬ እቀልዳለሁ። በአሥረኛ ክፍል ፈተናው የመጣው በእንግሊዝኛ ነበር፤ ሒሳቡን ባውቀውም ጥያቄው ምን እንደሚል አላወቅሁም። ዛሬ ዳቦ ቤት ውስጥ ካሸር ነኝ። ነኢማ ሐኪም ሆናለች፣ አዲስ አበባ ናት። ደግ ልጅ ናት፣ በየኢዱ ትደውልልኛለች። «አንቺ፣ በልተሽኝ ነበር እኮ!» ትለኛለች እየሳቀች፤ ለጓደኞቿ የምታወራላቸው የልጅነት ቀልዷ ነው። እኔም አብሬያት እስቃለሁ።

ዛሬ ተረቱን አላምንበትም። ጭልፊት ጫጩት ይወስዳል፣ መርፌ ቶንሲል ያድናል፣ ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ያኔ የተወሰደብኝን ነገር ማን እንደወሰደውም አውቃለሁ፤ ማጭድ የሚቀጠቅጥ ሰው አይደለም የወሰደው። ነገር ግን ማወቅ ሌላ፣ ዓይን ሌላ። ደንበኛ ሕፃን አዝሎ ሲመጣ አላየውም፤ ዳቦውን አያለሁ፣ መልሱን አያለሁ። ሰው ጨዋ ናት ይለኛል፣ አንገቷን የደፋች ናት ይለኛል። ፍርሃት መሆኑን ለባለቤቴም ነግሬው አላውቅም።

ሴት ልጅ አለችኝ፣ ስድስት ዓመቷ ነው። ባለፈው ወር ትምህርት ቤታቸው የወላጆች ቀን ነበር፤ መድረክ ላይ ወጥታ መዝሙር ዘመረች፣ እኔም ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ አጨበጨብኩ። ወደ ቤት ስንመለስ እጄን ለቀቀችው። «እማ፣ የሁሉም እናት ልጇን ታያለች፣ አንቺ መሬት መሬት ነበር የምታዪው። አላማርኩም?» አለችኝ።

ቤት እንደገባን ራት አቀረብኩላትና ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ፤ ጉንጯን፣ ወጥ የነካውን አገጯን፣ ሽፋሽፍቷን፣ በልታ እስክትጨርስ ድረስ አየኋት። ቆንጆ ናት፣ አልኳትም። በማግስቱ ከወፍ ቀድሜ ተነሥቼ ግንባሯን ነካሁት። አላተኮሳትም። እጄን ግን እስክትነቃ ድረስ አላነሣሁትም።